«ተነሳበት!» ሲባል ምን ይደረጋል? አዳዲስ ተንከባካቢዎችን ላሠለጥን ነው (ሐዋሳ)

አስተባባሪዋ | ሰኞ ማታ 2:15

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ውስጥ ኦቲዝምና የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ወጣቶች ቀን ቀን የሚውሉበት ማዕከል ውስጥ ነው የምሠራው። በሚቀጥለው ወር ስድስት አዳዲስ ተንከባካቢዎች ይገባሉ። እነሱን የማሠልጠኑ ኃላፊነት እኔ ላይ ወድቋል። ምክር ፍለጋ ነው የመጣሁት።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ጠዋት አራት ሰዓት፣ የሻይ ሰዓት። መብራት ጠፋና የጎረቤት ጀነሬተር ተነሳ። አንድ የ19 ዓመት ልጅ አለን፤ አይናገርም። ሻይ ሊቀበል ተሰልፎ ነበር። መጀመሪያ ጆሮውን በመዳፉ መታ። ከዚያ ወዲያ ወዲህ ማለት ጀመረ። አንዷ ሠራተኛችን «ቁጭ በል! ቁጭ በል እኮ ነው የምልህ!» እያለች ትከሻውን ያዘችው። ዞር ብሎ ሹሩባዋን ጨበጠ። ጮኸች፤ ራሷን ወደ ኋላ ጎተተች። አንዱ «ተነሳበት! ያዙት!» አለ። ሁለት ወንዶች ተረባርበው በደረቱ አስተኙት። አንደኛው ጀርባው ላይ በጉልበቱ ተጫነ።

ከቢሮ ሮጬ ስደርስ የልጁ ከንፈር መልኩን ቀይሯል። «ልቀቁት!» ብዬ ጮህኩ። ለቀቁት። በጎኑ ተኝቶ አየር ሲስብ የሰማሁት ድምፅ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

እነዚያ ሁለቱ ክፉዎች አይደሉም። አንደኛው በየቀኑ የልጁን ጫማ የሚያስርለት ነው። ያስተማራቸው ሰው የለም። እኔም አላስተማርኳቸውም። ሥራ ሲጀምሩ የተነገራቸው «ጠንከር በሉ፣ ታገሡ» የሚል ብቻ ነው።

ያለኝ ሦስት ቀንና አንድ ባዶ ክፍል ነው። ለአሠልጣኝ የሚሆን በጀት የለም። ከየት ልጀምር? እንዲህ ያለ ቦታ የሠራችሁ፣ ወይም ልጅ ያላችሁ፣ እባካችሁ የምታውቁትን ንገሩኝ።

ሌሊት ተረኛ | ሰኞ ማታ 3:40

እህቴ፣ ነርስ ነኝ። የአእምሮ ሕክምና ክፍል ውስጥ ብዙ ሌሊት አድሬአለሁ። ሥልጠናውን ሳትጠብቂ ነገ ጠዋት ሁሉንም ሰብስበሽ ንገሪያቸው፦ ማንንም በደረቱ ማስተኛት የለም። ጀርባ፣ አንገት፣ ደረትና ሆድ ላይ መጫን የለም።

ለምን እንደሆነም ይወቁ። ሰው ሲተነፍስ ደረቱ ይሰፋል፣ ሆዱም ወደ ውጭ ይገፋል። በደረቱ ተኝቶ ከላይ ክብደት ሲጫነው ሁለቱም ይታፈናሉ። አየር ያጠረው ሰው ይፈራገጣል። የያዙት ደግሞ «ገና እየታገለ ነው» ብለው የበለጠ ይጫኑታል። ሞት የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። «መተንፈስ አቃተኝ» ማለት የማይችል ልጅ ሲሆን ደግሞ አስቡት። አስም ያለበት፣ ወፍራም የሆነ፣ የሚያደነዝዝ መድኃኒት የወሰደ፣ ለብዙ ደቂቃ የታገለ፣ እነዚህ ሁሉ አደጋቸው ይብሳል። ዝም ሲልም «ተረጋጋ» ብሎ መደምደም አይቻልም። ፊቱን ማየት፣ ትንፋሹን ማዳመጥ ያስፈልጋል።

ሀብታም አገርም ደርሷል። ሴኒ ሉዊስ የሚባል የ23 ዓመት ወጣት እ.ኤ.አ. በ2010 ለንደን ውስጥ፣ ያውም የአእምሮ ሆስፒታል ውስጥ፣ 11 ፖሊሶች ይዘውት ሕይወቱ አለፈ። ወላጆቹ ዓመታት ታግለው በ2018 በስሙ የሚጠራ ሕግ አስወጡ። ሕጉ የአእምሮ ሕክምና ተቋማት ሠራተኞቻቸውን እንዲያሠለጥኑና ኃይል በተጠቀሙ ቁጥር እንዲመዘግቡ ያስገድዳል።

ልጁ ስለተረፈ እግዚአብሔር ይመስገን። ሐኪም አይቶታል?

አስተባባሪዋ | ሰኞ ማታ 3:52

አዎ፣ ያኑ ቀን ታይቷል፣ ደህና ነው። አባቱን ቁጭ አድርጌ የሆነውን አንድም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ «ነገም ላምጣው?» ብለው ጠየቁኝ። ይሄንን ጽሑፍ የጻፍኩት በዚያ ጥያቄ ምክንያት ነው።

የቀድሞ ጥበቃ | ማክሰኞ ጠዋት 1:20

ሁላችሁንም አከብራለሁ፤ ግን እውነቱን እንናገር። እኔ ተመሳሳይ ቦታ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ሰማንያ ኪሎ የሚመዝን ጎረምሳ ወንበር አንስቶ ሲመጣብህ ስለ ትንፋሽ የምታስብበት ጊዜ የለም። የፊት ጥርሴ የተሰበረው እዚያ ነው። ማሳከሚያ የሰጠኝም አልነበረም። ሠራተኛው ራሱን የሚከላከልበትን አያያዝ አስተምሩት። «በፍቅር ያዙት» ብቻ ብላችሁ ባዶ እጁን አትላኩት።

የአሞራ ገደል ልጅ | ማክሰኞ ቀን 7:05

ጋሼ፣ ስለ ጥርስዎ በጣም አዝናለሁ። ባዶ እጅ መላክ አይገባም ባሉት እስማማለሁ። ሐዋሳ ነው ያደግኩት፤ አሁን እንግሊዝ አገር በዚሁ ሥራ ላይ ነኝ፣ ስምንት ዓመት ሆነኝ። እኛን ያሠለጠኑን እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ስገባ ካራቴ መስሎኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ ያወራነው ልጁ እጁን ከማንሳቱ በፊት ስላሉት ደቂቃዎች ነው። እዚህ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የሥልጠና ደረጃ አለ። እሱም መከላከልንና ማብረድን ሳታስተምር መያዝን አታስተምር ይላል። እንዲህ የሆነው ዝም ብሎ አይደለም። በ2011 ቢቢሲ ብሪስቶል አጠገብ ያለ ዊንተርቦርን ቪው የሚባል ተቋም ውስጥ በድብቅ ቀርጾ፣ ሠራተኞች ታካሚዎችን መሬት ላይ እየጣሉ ሲያሠቃዩ ለሕዝብ አሳየ። አገሩ ደነገጠ።

አሁን እጃችንን ስለምናላቅቅበት መንገድ። ጉዳት ሳያደርሱ ማምለጥ የሚባለው ይሄ ነው፤ ጉልበትም አይጠይቅም።

ፀጉርሽን ሲይዝሽ ወደ ኋላ አትጎትቺ። ፀጉሩ የሚነቀለው በጉተታው ነው። ሁለት እጅሽን በእጁ ላይ አድርገሽ ወደ ራስሽ ቅል ተጫኚ። ጭንቅላትሽን ወደ እሱ ጠጋ አድርጊ። ያኔ ጉተታው ይላላል፣ ሕመሙም ይቀንሳል። አትጩኺ። ቀስ ብለሽ ተንፍሺ፣ የሥራ ባልደረባሽን በስሙ ጥሪ፣ ጣቱ እስኪላላ ጠብቂ። ሃያ ሰከንድ ረጅም ይመስላል፤ ግን ያልፋል።

የእጅ አንጓሽን ሲይዝሽ አውራ ጣቱ ወዳለበት በኩል አዙረሽ አውጪ። ጭብጡ ደካማ የሚሆነው እዚያ ጋ ነው። ሲነክስሽም አትንጪ፤ ሥጋ የሚቀደደው ስትነጪ ነው። ክንድሽን ወደ አፉ ገፋ አድርገሽ አቆዪ፣ መንጋጋው ሲከፈት አውጪ። አፍንጫውን አትዝጊ። የተነከሰውን ቦታ ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውኃ በደንብ ታጠቢ፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ። የሰው ንክሻ ክፉኛ ያመረቅዛል።

አቋቋምም አለ። ፊት ለፊት ተጋፍጦ መቆም የለም፤ ጎን ሰጥተሽ፣ ከእጁ ርዝመት ውጭ ሆነሽ። በሩን አትዝጊበት፣ አንቺም ጥግ አትግቢ። እጅሽ ክፍት ሆኖ ይታይ። አንድ ሰው ብቻ ይናገር፣ በጥቂት ቃል። ከዚያ ዝም። ዝም ማለት ከሁሉም ይከብዳል። ስንደነግጥ ወሬ እናበዛለን፤ እሱ ደግሞ ጆሮው ላይ ጀነሬተር አለበት።

ለሐዋሳ የሚሆን አንድ ነገር ልጨምር። ነጠላ አንገት ላይ ጠምጥሞ መግባት ይቅር። ረጅም ጉትቻም እንደዚሁ። ሹሩባ ከሆነ ወደ ላይ ተጠቅልሎ በሻሽ ይታሰር።

የቀድሞ ጥበቃ | ማክሰኞ ማታ 1:30

ስለ አውራ ጣቱ ያልከውን ዛሬ ከወንድሜ ልጅ ጋር ሞከርኩት። ይሠራል።

ግን እኔ ራሴን ላላቅቅ እችላለሁ። ሌላ ልጅ ላይ ሲሄድስ? ቆሜ ልይ?

የአሞራ ገደል ልጅ | ማክሰኞ ማታ 4:10

አይዩ ጋሼ። መጀመሪያ የምናደርገው ሌሎቹን ማስወጣት ነው። አንድን የተቆጣ ሰው ከክፍል ከማውጣት አሥሩን የተረጋጉ ማስወጣት ይቀላል። ማን በየትኛው በር እንደሚያስወጣ አስቀድሞ ይከፋፈል። ከአስተባባሪዋ ታሪክ ያሰብኩት ይሄንን ነው፤ በዚያ ሰዓት ክፍሉ ሙሉ ነበር አይደል?

ሰው ሊጎዳ ሲል፣ ሌላ ምንም መንገድ ሲጠፋ፣ መያዝ ይኖራል። ግን ቆሞ ወይም ተቀምጦ፣ በሠለጠኑ ሁለት ሰዎች፣ በጣም ለአጭር ጊዜ። ሦስተኛው ሰው ሥራው ፊቱንና ትንፋሹን ማየት ብቻ ነው። እሱ «ልቀቁ» ካለ ይለቀቃል፤ ክርክር የለም። ይሄንን ግን ከእኔ ጽሑፍ አትማሩት። ቪዲዮም አይበቃም። የሚያውቅ አሠልጣኝ አጠገባችሁ ቆሞ ነው የሚያሳየው።

የበኩሬ እናት | ረቡዕ ጠዋት 3:00

ልጆቼ፣ ስትጽፉ ሳነብ አድሬ ነው። የእኔም ልጅ አይናገርም። አሁን 22 ዓመቱ ነው።

የዛሬ አራት ዓመት ድንገት መንከስ ጀመረ። እህቱን ነከሰ፣ እኔን ነከሰ፣ የሚውልበት ቦታ ተንከባካቢውን ነከሰና «አታምጡት» ተባልን። ሰፈሩ ሁሉ «ተነሳበት» አለ። ጸበል ወሰድኩት፤ እምነቴ ነው፣ አሁንም እወስደዋለሁ። ግን ሁለት ወር ሙሉ አንድ ነገር አላየሁም ነበር። እንጀራ ስሰጠው በቀኝ በኩል ብቻ ነበር የሚያኝከው። ትኩስ ሻይ ሲነካው ጉንጩን ይዞ ይቆማል። አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቤቴ መጥታ «እትዬ፣ አፉን አይተሽለታል?» አለችኝ። ባትሪ አብርተን አየን። በግራ በኩል ያለው የመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ በስብሶ ድዱ አብጧል።

ጥርሱ ተነቀለ። መንከሱ በሳምንቱ ቀረ።

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ በዚያ ሁለት ወር ስንቴ ተቆጥቼዋለሁ። ለሠራተኞችሽ ይሄንን ንገሪያቸው ልጄ። ጥርስ፣ ጆሮ፣ የሆድ ድርቀት፣ ለሴቶቹ ደግሞ የወር አበባ። አስቀድመው ይሄንን ይጠይቁ።

ሌላው፣ እኛ ቤት የሚነገረው ሲዳሙ አፎ ነው። ማዕከሉ ውስጥ ሁሉም በአማርኛ ነበር የሚያዙት። «አይሰማም፣ እልከኛ ነው» ይሉኝ ነበር። ልጄ እልከኛ አልነበረም።

ሌሊት ተረኛ | ረቡዕ ቀን 9:25

እትዬ፣ ይሄ የእርስዎ ታሪክ የሥልጠናው የመጀመሪያ ሰዓት መሆን አለበት።

ከሕክምና በኩል ሁለት ልጨምር። አንደኛው የሚጥል በሽታ። ልጁ ከወደቀ በኋላ ሲነቃ ለተወሰነ ደቂቃ ግራ ይጋባል። የት እንዳለ አያውቅም፤ ተነስቶ ይሄዳል። ያኔ ከያዛችሁት ይታገላችኋል፣ ይመታችኋል። አትያዙት። አጠገቡ ሆናችሁ ከመንገድና ከደረጃ ብቻ አርቁት፣ ራሱን እስኪያውቅ ጠብቁ።

ሁለተኛው መድኃኒት ነው። ሃሎፔሪዶል የሚባል የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስዱ ልጆች ይኖራሉ። አንዳንዱን ውስጡን የሚያቅበጠብጥ ስሜት ይይዘዋል። መቀመጥ አይችልም፤ እግሩን ያፈራርቃል፣ ይመላለሳል። «ቁጭ በል» ሲሉት ይቆጣል። ይሄ ጠባይ ተብሎ መድኃኒቱ ሲጨመርለት ደግሞ ይብስበታል። አንገቱ ወደ ጎን ከተጣመመ ወይም ዓይኑ ወደ ላይ ተሰቅሎ ከቀረም ከመድኃኒቱ ሊሆን ይችላል፤ ሆስፒታል ፈጥኖ የሚፈታ መድኃኒት አለ። የታዘዘውን በራሳችሁ አታቋርጡ። ያያችሁትን ጽፋችሁ ለሐኪሙ ውሰዱ።

ሳይኮሎጂ ዲላ | ረቡዕ ማታ 2:00

አስተባባሪዋ፣ «ተነሳበት» የሚለውን ቃል በርዕስሽ ላይ ስላስገባሽው ደስ ብሎኛል። ቃሉ ራሱ ችግር አለበት። ነገሩ ከሰማይ የወረደ ያስመስላል። አንቺ ግን ሳታውቂው ምክንያቱን ጽፈሽዋል፦ መብራት ጠፋ፣ ጀነሬተር ተነሳ፣ ሰልፍ፣ ጆሮውን መታ፣ ተመላለሰ፣ ትከሻው ተያዘ። ስድስት ነገር። እጁን ያነሳው ከስድስቱ በኋላ ነው።

አንድ ደብተር በሦስት ዓምድ አስምሪ። ከድርጊቱ በፊት ምን ነበር፣ ምን አደረገ፣ ከዚያ ምን ሆነ። «ተናደደ» ብሎ መጻፍ ክልክል ይሁን። «በቀኝ መዳፉ ጆሮውን ሁለት ጊዜ መታ» ይባል። ሰዓቱ ይጻፍ። በሁለት ሳምንት መልክ ማውጣት ይጀምራል። አንዳንዱ ልጅ ከማይፈልገው ነገር ለመሸሽ ነው የሚመታው። አንዳንዱ ሰው እንዲያየው፣ ሌላው የሚፈልገው ዕቃ ስለተነፈገ፤ ሌላው ደግሞ ሰውነቱ ውስጥ ስላለው ነገር። ምክንያቱ ሲለያይ መልሱም ይለያያል። ለመሸሽ የሚመታውን ብቻውን ክፍል ብታስቀምጪው የፈለገውን ሰጠሽው ማለት ነው። ሰው ለሚናፍቀው ግን ያው ነገር ጉዳት ነው።

ማሠልጠኑን በንግግር አትጨርሺው። ንገሪ፣ አሳዪ፣ ያድርጉት፣ አርሚ፣ ደግመው ያድርጉት። እጅ የሚማረው በመደጋገም ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት የእድገት እክል ላለባቸው ልጆች ቤተሰቦች ያዘጋጀው የተንከባካቢዎች ክህሎት ሥልጠና ኢትዮጵያ ውስጥም ተሞክሯል። የተዘጋጀው ከ2 እስከ 9 ዓመት ላሉ ልጆች ነው፤ ግን አስቸጋሪ ጠባይን ስለ መረዳት የሚያስተምረው ለትልልቆቹም ይጠቅማል። አዲስ አበባ ያለውን፣ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ያቋቋሙትን ጆይ የኦቲዝም ማዕከልም ደውለሽ ጠይቂ። ማዕከሉ በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቷል።

ለቦርዳችሁ የሚቀርብ ነገር ካስፈለገሽ፣ ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አለ። አንቀጽ 17 የአካልና የአእምሮ ምሉዕነታቸው ይከበር ይላል።

ስሜ ይቆይ (አዳማ) | ረቡዕ ሌሊት 5:50

አዳማ ነው የምሠራው፣ ስለዚህ የእናንተ ሠራተኛ አይደለሁም። ግን ያቺ ሹሩባዋ የተያዘው ልጅ እኔ ብሆን ብዬ አስቤ ነው የጻፍኩት።

ባለፈው ዓመት ተነክሻለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። «አልቻለችም» እንዳይሉኝ ፈራሁ። ረጅም እጅጌ ለብሼ ሰነበትኩ። ከዚያ በኋላ ያ ልጅ ሲጠጋኝ ሰውነቴ ቀድሞኝ ይሸሻል። እሱም ይሄንን ያያል፤ ስሸሽ ይከተለኛል። ሁለታችንም የምንፈራራ ይመስለኛል። እወደዋለሁ፤ ግን እፈራዋለሁ። ይሄ ሁለቱ አብሮ እንደሚሆን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

አስተባባሪዬ፣ ያቺን ልጅ አናግረሻታል? ከሁሉ በኋላ ማለቴ ነው። ስለ ልጁ ሳይሆን ስለ እሷ።

አስተባባሪዋ | ሐሙስ ጠዋት 12:40

አላናገርኳትም። ስለ ልጁ ሐኪም፣ ስለ አባቱ፣ ስለ ሪፖርቱ ስሮጥ እሷን ረሳኋት። ዛሬ አናግራታለሁ። አንቺም እህቴ፣ ቁስሉ ቢድንም ጤና ጣቢያ ሄደሽ ንገሪያቸው። በንክሻ የሚተላለፍ በሽታ አለ፤ የጉበት በሽታና የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም ጠይቂ።

አስተባባሪዋ | ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ ማታ 1:10

ተመልሼ ሳልጽፍ ስለቆየሁ ይቅርታ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ልጅቷን አናገርኳት። መጀመሪያ «ደህና ነኝ» አለች። ቡና አፍልተን ቁጭ ስንል አለቀሰች። አሁን አንድ ነገር በተፈጠረ ቁጥር ያኑ ቀን አሥር ደቂቃ እንቀመጣለን። ማን አጠፋ አይባልም። ምን አየሽ፣ የት ያምሻል፣ ነገ ምን እንቀይር። ልጁን የያዙት ሁለቱም ከአዳዲሶቹ ጋር አብረው ሠልጥነዋል። አንደኛው የመጀመሪያውን ቀን ራሱ ተነስቶ ያደረገውን ተናገረ። ያስገደደው የለም።

ሥልጠናውን የጀመርነው በእትዬ ታሪክ ነው። ስልኬን አንስቼ አነበብኩላቸው። ከዚያ አንዱን ባዶ ክፍል እንደ ሻይ ሰዓት አደረግነው። በስልክ የጀነሬተር ድምፅ ከፈትን፣ ሰልፍ ሠራን። እያንዳንዱ ሠራተኛ በተራው ልጁን ሆነ። ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ «ተረጋጋ፣ ተረጋጋ» ሲልበት አንዱ አዲስ ልጅ ጆሮውን በሁለት እጁ ያዘ። አስመስሎ አልነበረም።

ፀጉር ማላቀቁን ሠላሳ ጊዜ ያህል ደጋግመናል፤ በሻሽ ላይ፣ ቀስ ብለን።

ደብተሩም ተናግሯል። በአራት ሳምንት ውስጥ የዚያ ልጅ ስም ሰባት ጊዜ ተጽፏል። አምስቱ ከሻይ ሰዓት በፊት ባለው ሩብ ሰዓት ውስጥ ነው። አሁን ሻዩን ከሰልፉ በፊት ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ይዞለት የሚሄድ ሰው አለ። ጀነሬተር ሲነሳ በዚያው ወደ ኋላ በር ይወስደዋል። ጆሮውን መምታት ሲጀምር «ቁጭ በል» የሚል የለም፤ መንገድ ይለቀቅለታል።

አልጠፋም ግን። ባለፈው ሐሙስ የአንዷን ፀጉር ያዘ። አልጎተተችም። እጁን በእጇ ሸፍና ጎንበስ አለችለት፣ ጓደኛዋን ጠራች፣ ሌሎቹ ሌሎች ልጆችን አስወጡ። ለቀቀ። መሬት የተኛ ሰው አልነበረም። አባቱ ሊወስዱት ሲመጡ ሁሉንም ነገርኳቸው። ራሷን ልጅቷን አስጠርተው እጇን ያዙ፤ ምንም አልተናገሩም።

መያዝን የሚያስተምር ሰው እስካሁን አላገኘሁም። እስከዚያ ድረስ እኛ ጋ ማንም ማንንም መሬት ላይ አያስተኛም፤ ተጽፎ በር ላይ ተለጥፏል። ሐዋሳ ወይም ሻሸመኔ አካባቢ በትክክል የሠለጠነ ሰው የምታውቁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

አንድ ሌላ ጥያቄ አለኝ። ከ23 ልጆቻችን ዘጠኙ ቤታቸው ሲዳሙ አፎ ነው የሚነገረው። ከስድስቱ አዳዲሶች ቋንቋውን የምትችለው አንዷ ብቻ ናት።

የቀድሞ ጥበቃ | እሑድ ማታ 2:45

ቤቴ ከፍቅር ሐይቅ ብዙ አይርቅም። ሲያስለማምዱ የሚገፋ፣ የሚይዝ ትልቅ ሰው ካስፈለገ እኔ አለሁ።

የበኩሬ እናት | ሰኞ ጠዋት 12:30

ልጄ፣ ዓርብ ከሰዓት መምጣት እችላለሁ። «ና»፣ «ቆይ»፣ «አለሁ»፣ «ውኃ»፣ «የት ጋ ነው ያመመህ?» የሚሉትን አስተምራቸዋለሁ። መጀመሪያ የመጨረሻዋን እናጥና። ልጄንም ይዤው ልመጣ?